«ለምን ጎማ ገዛችሁ?» ላላችሁን

(የመኪና ኮሚቴው በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ያደረገው ንግግር)

አቦሉ እስኪፈላ የእኛ ተራ ነው ስለተባልን ሳናስረዝም ለመናገር እንሞክራለን። ካስረዘምን ቶናው ላይ አቋርጡን።

እኛ አራታችን የመኪና ኮሚቴ ነን። ኮሚቴ ሲባል ትልቅ ነገር ይመስላል። ሥራችን የመኪናዋን ቁልፍ መያዝ፣ ማን መቼ እንደሚወጣባት መመዝገብና ሾፌራችን ያመጣውን ደረሰኝ ማየት ነው። በዘንድሮው ሪፖርታችን ውስጥ አንድ መስመር ብዙ ጥያቄ አስነሥቷል። «ትርፍ ጎማ ከነቸርኬው፣ ክሪክ፣ ጎማ መፍቻ» የሚለው ነው። መኪናዋን የሰጡን ለጋሾቻችን በደብዳቤ ጠይቀውናል። መኪናዋ ስትመጣ የጎማ መጠገኛ አብሯት ነበር፣ ታዲያ ሌላ ጎማ ለምን አስፈለገ ብለዋል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ከአባሎቻችንም ያኮረፉብን አሉ። ገንዘቡ የሦስት እኅቶቻችን የበግ ማድለቢያ ብድር ይሆን ነበር፤ በዚህ ምክንያት እነሱ አንድ ወር ተኩል ጠብቀዋል። ሦስቱም ዛሬ እዚህ ተቀምጠዋል። መልሱን በወረቀት ልከን ዝም ከምንል ዓይን ለዓይን እየተያየን እንናገረው ያልነው ለዚህ ነው።

መኪናዋን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ባለ ሰባት ወንበር የኤሌክትሪክ መኪና ናት። በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው ከተነገረ ወዲህ እንዲህ ያሉት መኪኖች ከአዲስ አበባ አልፈው እኛም ዘንድ መድረስ ጀምረዋል። ስትመጣ ያልተደሰተ አልነበረም። የነዳጅ ሰልፍ የለባትም። ማታ ከጽሕፈት ቤቱ ሶኬት ላይ ትሰካለች፣ ጠዋት ትነሣለች። በርበሬውንና ሽሮውን ለደንበኛ ታደርሳለች፣ የታመመ ወደ ደሴ ታወጣለች፣ የቅሬውን ድንኳን ጭና ለቅሶ ቤት ትደርሳለች።

በመጣች በሳምንቷ የኋላውን የዕቃ ቦታ ወለል አነሣነው። ጎማ ይኖራል ብለን ነበር። ያገኘነው አንድ ትንሽ ጥቁር ቦርሳ ነው። ውስጡ ከግማሽ ሊትር የውኃ ጠርሙስ የማይበልጥ የፈሳሽ ጠርሙስና ከሲጋራ መለኮሻው ቀዳዳ ላይ የሚሰካ ትንሽ የአየር መንፊያ አለ። ክሪክ የለም፣ ጎማ መፍቻም የለም። ሾፌራችን ቦርሳውን አገላብጦ አየና «ይቺ የመኪና ናት ወይስ የብስክሌት?» አለ። ሳቅን። ቦርሳውን መልሰን አስቀመጥንና ረሳነው።

ይህ የእኛ መኪና ጉድለት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ትርፍ ጎማ ከአዳዲስ መኪኖች እየጠፋ የመጣው በዓለም ሁሉ ነው። ኤ.ኤ.ኤ. የሚባለው የአሜሪካ አሽከርካሪዎች ማኅበር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2015 ባወጣው ጥናት፣ የዚያን ዓመት ሞዴል ከሆኑት መኪኖች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ትርፍ ጎማ እንደሌላቸው ገልጾ ነበር። ፋብሪካዎቹም ምክንያት አላቸው። ጎማ ከነቸርኬውና ከነክሪኩ ከባድ ነው፤ ክብደት ነዳጅ ይበላል፤ የኤሌክትሪክ ሲሆን ደግሞ ወለሉን ሁሉ ባትሪው ይዞታል። ወጪውም ይቀንስላቸዋል፣ ይህን ግን ጮክ ብለው አይናገሩም። ከቻይና ከሚመጡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ብዙዎቹ ትርፍ ጎማ የላቸውም። እንግዲህ መኪና ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ መቀመጫውን ከመዳበሳችሁ በፊት የኋላውን ወለል አንሡ።

አሁን ወደ ባለፈው ሚያዝያ እንመለስ። የምንናገረውን ነገር የደረሰባት እኅታችን እንድንናገር ፈቅዳልናለች።

ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ከባቲ ስልክ ተደወለ። የእኅታችን እናት ዐርፈዋል። ጀናዛው ከዙህር ሶላት በኋላ ይወጣል ተባለ። በእኛ አገር ሬሳ አይቆይም፤ ይህን ለናንተ መንገር አያስፈልግም። ሴት ልጅ መቃብር ድረስ አትሄድም። የእሷ መሰናበቻ ከቤት ነው፤ ከፈን ከመታሰሩ በፊት ፊቱን ማየት ነው። ያ ካመለጠ ሌላ ጊዜ የለውም። ድንኳኑን ጫንን፣ ስድስት ሴቶች ሆነን ከሾፌራችን ጋር ተነሣን። ከኮምቦልቻ ባቲ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እንደርሳለን ብለን ማንም አልተጠራጠረም።

ደጋንን አልፈን ገርባ ሳንደርስ ከፊታችን ሁለት የጭነት መኪኖች መጡ፤ አንዱ ሌላውን እየቀደመ። ሾፌራችን ወደ ዳር ወጣላቸው፤ መውጣትም ነበረበት። የአስፋልቱ ዳር ተሸራርፎ ስል ድንጋይ ወጥቶበት ነበር። ድምፁን ሁላችንም ሰማነው። ወርደን ስናይ የቀኝ የፊት ጎማ ጎኑ ላይ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ወጥቶበታል።

ጥቁሩ ቦርሳ ትዝ ያለን ያኔ ነው። ሾፌራችን መመሪያውን እያነበበ ጠርሙሱን ገጠመ፣ መንፊያውን ሰካ፣ አስነሣው። እየጮኸ ይሠራል። ፈሳሹ ነጭ ነው፣ ወተት ይመስላል። በአንድ በኩል ገብቶ በስንጥቁ በኩል ወጣና አስፋልቱ ላይ ፈሰሰ። ከመካከላችን አንዷ በእጇ ስንጥቁን ልትይዘው ሞከረች። ጠርሙሱ አለቀ። ጎማው እንደተኛ ነው።

ያለፉት መኪኖች ሁሉ ሙሉ ነበሩ። አንድ ሰዓት ከሩብ ቆመን ከደጋን በኩል ባዶ ባጃጅ መጣ። እኅታችንንና አንዲት እናታችንን በእሱ ላክናቸው። ባቲ ሲደርሱ ጀናዛው ወጥቷል። የቤቱ ሰው ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቋል፤ ከዚያ በላይ ሽማግሌዎቹ አልፈቀዱም፣ እነሱም አይፈረድባቸውም።

እኅታችን እስከ ዛሬ አንድ ቃል አልወቀሰችንም። የከበደን እሱ ነው።

የቀረነው አራቱ ሴቶችና ሾፌራችን እዚያው ቆየን። የአንድ ጭነት መኪና ሾፌር ክሪኩንና መፍቻውን አውርዶ ጎማውን ከፈታልን በኋላ መኪናዋን በድንጋይ ክምር ላይ አስቀምጦልን ሄደ። ገንዘብ ስንሰጠው አልቀበልም አለ፤ አላህ ይስጠው። የተቀደደውን ጎማ በሚኒባስ ጣራ ጭነን ኮምቦልቻ አመጣን፤ ሌላ ገዝተን አስገጥመን ስንመለስ ጨልሞ ነበር። በዚህ ዘመን ከመሸ በኋላ መንገድ ላይ መቆም ምን ማለት እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁና አንዘረዝረውም።

የዚያን ቀን ጎሚስታው ጋ ተቀምጠን የተማርነውን ነው አሁን የምንነግራችሁ። ሰውየው ሽማግሌ ነው። አሰብ ክፍት በነበረበት ዘመን የወደቡ ጭነት በሚሌና በባቲ በኩል ወደ እኛ ሲመጣ የጭነት መኪና ጎማ ይሠራ ነበር። 1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሣ ያ መንገድ ተዘጋ፤ እሱ ግን ሙያውን አልተወም። ያኔ ነባር ሾፌሮች ሁለት ስኮርታ ሳይጭኑ ከኮምቦልቻ ወደ ቆላው አይወርዱም ነበር አለን። (ስኮርታ፣ ክሪክ፣ ቸርኬ፣ ጎሚስታ፣ እነዚህ ሁሉ የጣልያን ቃላት ናቸው። ጣልያን የአስመራውንና የአሰቡን መንገድ በእኛ ከተማ ሲያገናኝ ቃላቱም ከመንገዱ ጋር መጥተው ቀሩ። ጣልያኑ በ1933 ሄደ፣ ጎሚስታው እዚሁ ነው።)

የተቀደደውን ጎማ ገልብጦ አሳየን። መሬት የሚነካው ክፍል፣ ጥርስ ያለበት፣ ወፍራም ነው፤ ከሥሩም የብረት ሽቦ መረብ አለበት። እዚያ ላይ ሚስማር ቢገባ ቀዳዳው ትንሽ ነው፣ አይለጠጥም፣ ልጥፍም ይይዘዋል። ጎኑ ግን ሌላ ነው። ብረቱ የለበትም፣ ክር ብቻ ነው። ጎማው በዞረ ቁጥር ጎኑ ይተጣጠፋል፣ ይዘረጋል። በሚተጣጠፍ ነገር ላይ የተለጠፈ ነገር አይቆይም። ስለዚህ ጎኑ የተቀደደ ጎማ በጠርሙስም በልጥፍም አይድንም። ጠርሙሱ ላይም ይህ ተጽፏል፤ ያላነበብነው እኛ ነን።

ፈሳሹ እንዴት እንደሚሠራም ነገረን። ከጎማ ወተት ዓይነት ነገር የተሠራ ነው። በአየር ተገፍቶ በቀዳዳው ሊወጣ ሲል እዚያው ይረጋል፣ ቀዳዳውን ይደፍናል። ለዚህ ቀዳዳው ጠባብ መሆን አለበት፤ ጥቂት ሚሊ ሜትር፣ የወፍራም ሚስማር ያህል። ቦታውም ጥርሱ ላይ መሆን አለበት። ሚስማሩን ያየ ሰው ወዲያው ሊነቅለው ይፈልጋል፤ አትንቀሉት። እሱም ከቀዳዳው ደፋኞች አንዱ ነው። ከተነፋ በኋላ ፈሳሹ በጎማው ውስጥ እንዲዳረስ ወዲያው በዝግታ መንዳት፣ ከ80 ኪሎ ሜትር በሰዓት አለማለፍ፣ ከዚያም በቀጥታ ወደ ጎሚስታ መሄድ ነው። ጠርሙሱ አንዴ ከተከፈተ አለቀ። ባይከፈትም ጊዜው ያልፍበታል፤ እንደ መድኃኒት ቀኑ ተጽፎበታል። ጎሚስታዎች ፈሳሹን አይወዱትም። ጎማውን ሲከፍቱት ውስጡ አጥሚት ሆኖ ይጠብቃቸዋል፤ ሳያጥቡ ልጥፍ መለጠፍ አይችሉም። የኛው ሽማግሌ ለማጠቢያው ለብቻ አስከፈለን፤ ጎማው የሚጣል ነው እያለ! ቸርኬው ነው የታጠበው ብሎ ተከራከረን።

እንግዲህ ጠርሙሱን ጠልተን ነው ጎማ የገዛነው እንዳትሉን። ለጋሾቻችን በደብዳቤያቸው የጻፉት ነገር እውነት አለው። የሚያጋጥመን አብዛኛው ነገር ሚስማር ነው። ከሚያዝያ በፊት ሁለት ጊዜ ሚስማር ወግቷት ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ ቀስ እያለ ይተነፍስ የነበረውን ጎማ በዚያች ትንሽ መንፊያ እየነፋን ጎሚስታ ጋ ደርሰናል። ጠርሙሱን መክፈት እንኳ አላስፈለገንም። ይህን ልብ በሉልን፤ ከዚያ ቦርሳ ውስጥ ከጠርሙሱ የበለጠ የጠቀመን መንፊያው ነው። ቀስ ብሎ ለሚተነፍስ ጎማ አየር ብቻ ይበቃዋል፤ ጎማውም አይጨማለቅም።

ደግሞ ከለጋሾቻችን ጥቂቶቹ የሚኖሩት ጀርመን ነው። እዚያ ኤ.ዲ.ኤ.ሲ. የሚባል የአሽከርካሪዎች ማኅበር አለ፤ በ1903 እንደ እነሱ አቆጣጠር የተመሠረተ፣ ዛሬ ከ20 ሚሊዮን በላይ አባላት ያሉት። እንደኛው በመዋጮ የሚኖር መረዳጃ ነው ማለት ይቻላል። መኪና የተበላሸበት አባል ይደውላል፣ ቢጫ መኪና ይመጣለታል። እንዲህ ባለ አገር ለሚኖር ሰው ትንሿ ቦርሳ ትበቃዋለች፤ ጠርሙሱ ባይሠራ ስልኩ ይሠራል። አዲስ አበባ ውስጥ ብቻ ለሚነዳም ትበቃ ይሆናል፤ ጎሚስታ የሌለበት መንገድ ጥቂት ነው። እዚሁ ኮምቦልቻ ከተማ ውስጥም ትበቃለች። የእኛ ችግር ከከተማ ስንወጣ ነው። ከደጋን ወዲያ የሚደወልለት ቢጫ መኪና የለም። ወደ ደሴ ስንወጣ ደግሞ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው። ዶሮ መዝለያ ጠመዝማዛው ላይ ጎማ ቢቀደድ ዳር ይዞ መቆሚያ ቦታ ማግኘት ራሱ ዕድል ነው።

ለጋሾቻችን የጠየቁትን በአጭሩ እንመልስ። ጠርሙሱ ብዙ ጊዜ የሚደርሰውን ትንሹን ጉዳት ይፈውሳል። ትንሹ ጉዳት ግን ለቅሶ አያስቀርብንም፤ ትንሽ ያዘገየናል እንጂ። ለቅሶ ያስቀረን ከስንት አንዴ የሚመጣው ትልቁ ነው። ማኅበራችን መኪና የለመነው ደግሞ በሰዓቱ ለመድረስ ነው፤ ለሕመምተኛም፣ ለወላድም፣ ለጀናዛም። ካልደረሰች በርበሬ ለማድረስ ባጃጅ ይበቃን ነበር።

በስብሰባው ላይ የተነሣውን ተቃውሞ ግን ሳንደብቅ እንናገር። አንዷ እናታችን «ጎማ ተሸክማችሁ ከምትዞሩ ሰው ጫኑበት» አለች። ትክክል ናት፤ ጎማው ሲገባ የኋለኞቹ ሁለት ወንበሮች ይታጠፋሉ፣ ሰባት የነበርነው አምስት እንሆናለን። ሌላዋ «ወንድ በሌለበት ክሪክ ማን ያነሣል? ቦርሳው እኮ ለሴት ታስቦ የተሠራ ነው» አለች። ይህኛው አናደደን፤ ቢሆንም ስናስበው ከአራታችን ጎማ ፈትታ የምታውቅ አልነበረችም። ሦስተኛዋ ከብድር ጠባቂዎቹ አንዷ ናት። «በጉ ፋሲካን አይጠብቀኝም» አለች። ለእሷ የሚሆን መልስ አልነበረንም። አሁንም የለንም። ለፋሲካ ገበያ አልደረሰችም፤ በዚህ ምክንያት ያጣችውን እኛ አንክሳትም፣ ማኅበሩም አልካሳትም። ድምፅ ሲሰጥ ግን እጇን ለጎማው አነሣች። ለምን ስንላት «ባቲ እኔም እናት አለችኝ» ብቻ ነው ያለችው።

ግዢው የሦስት ሳምንት ሥራ ሆነ። ትርፍ ጎማ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ቀጭኑ ነው፤ ቀለል ያለ፣ ቦታ የማይፈጅ፣ ነገር ግን ጎሚስታ ጋ ለመድረሻ ብቻ የተሠራ። ከ80 በላይ አይነዳም፣ ከሌሎቹ ጎማዎች በጣም የበለጠ አየር ይፈልጋል፣ ስድስት ሴትና ድንኳን ጭኖ ባቲ ወርዶ ለመመለስ አልታሰበም። ሁለተኛው ከሌሎቹ አራቱ ጋር እኩል የሆነው ነው። እሱን መረጥን፤ መንገዱን ሳናቋርጥ ሄደን ልንመለስበት ነው የፈለግነው።

ጎማ ሲገዛ ጎኑ ላይ ያለውን ቁጥር ጽፎ መሄድ ነው። የኛው 215፣ 60፣ 17 ይላል። 215 ወርዱ በሚሊ ሜትር ነው፤ 60 የጎኑ ቁመት ከወርዱ በመቶ ስንት እንደሆነ ነው፤ 17 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። ጎማውን ደሴ አገኘነው። ቸርኬው ጠፋ። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሰው ልከን አንድ ተገኘ፤ አምስት ቀዳዳ አለው፣ የኛም አምስት ነው፣ ደስ ብሎን አስመጣነው። አልገጠመም። ለካስ የቀዳዳው ብዛት ብቻ ሳይሆን በቀዳዳዎቹ መካከል ያለው ርቀትና የመሐሉ ትልቅ ቀዳዳም መመሳሰል አለባቸው። መልሰን ላክነውና ሁለተኛው ገጠመ። የመመላለሻው ኪራይ በሪፖርቱ ላይ ለብቻው ተጽፏል፤ ጥፋቱ የእኛ ነው፣ ልክ ሳንወስድ ነው የላክነው።

ገንዘብ ለማዳን አገልግሎ የተሸጠ ጎማም ጠይቀን ነበር። አንዱ ሻጭ ጥርሱ ያማረ አሳየን፤ ዋጋው ግማሽ ነው። ሽማግሌው ጎሚስታ ግን አስቀድሞ አስጠንቅቆን ነበር። ጎማው ጎን ላይ በትንሽ ሞላላ ክብ ውስጥ አራት ቁጥር ፈልጉ ብሎናል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱ፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱ ናቸው፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር። ያ ጎማ 0911 ይላል፤ በ2011 ዘጠነኛ ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ጎማ ባይነዳም ያረጃል፤ ላስቲኩ ይደርቃል፣ ይሰነጣጠቃል። ሻጩ ቁጥሩን ስናነብ ሲያየን «እናንተ ደግሞ ምን አገባችሁ?» ብሎን ነበር። ምን እንዳገባን ነግረነው ወጣን።

ከዚያ ልምምዱ መጣ። እሑድ ከሰዓት በጽሕፈት ቤቱ ግቢ አሥራ ሁለት ሴቶች ተሰበሰብን፤ ሾፌራችን አስተማሪ ሆነ። የተማርነውን ላልነበራችሁት እንንገራችሁ። መኪናዋ ሜዳ ላይ ትቆማለች፣ የእጅ ፍሬን ይያዛል፣ ከሌላኛው ጎማ ሥር ድንጋይ ይደረጋል። ቡሎኖቹ የሚላሉት መኪናዋ ከመነሣቷ በፊት ነው፤ ከተነሣች በኋላ ጎማው አብሮ ይዞራል። ጉልበት የሌላት በእጅ አትታገል፤ መፍቻውን አግድም አድርጋ በእግሯ ትጫነው። ክሪኩ የሚገባበት ቦታ በበሩ ሥር ምልክት አለው፤ ከዚያ ውጭ ክሪክ መስጠት በኤሌክትሪክ መኪና ላይ አደገኛ ነው፣ ከወለሉ ሥር ያለው ባትሪ ነውና። ይህን ለሚረዳችሁ መንገደኛም ንገሩት፤ የድሮ መኪና የለመደ ሰው ያገኘው ቦታ ላይ ይሰጠዋል። በሚያዝያም ያ ደግ ሰው ባትሪውን አለመንካቱ የአላህ ሥራ ነው። ጎማው ሲገባ ቡሎኖቹ በተርታ ሳይሆን በትይዩ ይጠብቃሉ፣ አንዱን ከዚህ፣ አንዱን ከዚያ። ወርዳ መሬት ስትነካ እንደገና ይጠብቃሉ፤ በማግሥቱም አንዴ ይታያሉ።

ያን ቀን አሥራ ሁለታችንም አንድ አንድ ጊዜ ፈትተን ገጥመናል። «ወንድ በሌለበት ማን ያነሣል» ያለችው እኅታችን በሰዓት ስትለካ ሾፌሩን በልጣዋለች። ይህን ስንናገር እሷ እዚያ ጋ አንገቷን ደፍታ እየሳቀች ነው።

ያላለቁ ነገሮች አሉን። የወንበሩን ነገር እንዲህ አድርገነዋል፦ መኪናዋ ከከተማ ሳትወጣ ከዋለች ጎማው ጽሕፈት ቤት ይቀመጣል፣ ሰባቱም ወንበር ይዘረጋል። ከከተማ ከወጣች ጎማው ይጫናል፣ ሰው አምስት ይሆናል፣ ድንኳኑ ጣራ ላይ ይወጣል። ደንቡ ጥሩ ነው፤ የሚረሳ ሰው ግን አለ። ባለፈው ወር ሕመምተኛ ይዘን በጥድፊያ ደሴ ስንወጣ ጎማው እዚህ ቀርቶ ነበር። ምንም አልሆንም። ግን እስክንመለስ እያንዳንዷን ድንጋይ ስናያት ነበር። ከዚያ ወዲህ የመኪናዋ ቁልፍና የጎማው ሰንሰለት ቁልፍ በአንድ ቀለበት ላይ ታስረዋል። ሰንሰለት ያልነው ጎማው እንዳይሰረቅ ነው፤ ትርፍ ጎማ ማለት ማንም የማያየው ዕቃ ስለሆነ ሲጠፋም ማንም አያይም።

ትርፍ ጎማም ዝም ሲባል ይተነፍሳል። በሚያስፈልግበት ቀን ባዶ ሆኖ ከተገኘ የያዝነው ሸክም ብቻ ነው። ስለዚህ በወር አንድ ጊዜ፣ በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ አየሩ ይለካል። ይህን ሥራ ማንም ሳይጠይቃት የወሰደችው ያቺ እናቷን ሳትሰናበት የቀረችው እኅታችን ናት። መለኪያውን ከራሷ ገንዘብ ገዛች፤ ደረሰኝ አምጪ ብንላትም አላመጣችም። ቀኑንና ልኩን የምትጽፍበት ደብተር ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል፣ ማየት ትችላላችሁ።

ለጋሾቻችን በሁለተኛው ደብዳቤያቸው አዲስ ጠርሙስ እንላክላችሁ ብለውናል። እናመሰግናለን፣ ይላኩልን፤ ያለቀው አልተተካምና። ከተቻለ ግን የሚላከው ጊዜው ሩቅ የሆነ ይሁን፤ ገበያ ላይ ያየነው ሊያልፍ ሁለት ወር የቀረው ነበር። ሦስቱ ብድሮች ባለፈው ሳምንት ተከፍለዋል። ያልተለማመዳችሁ አባላት ስማችሁን በር ላይ ላለችው እኅት አስመዝግቡ፤ የሚቀጥለው ልምምድ ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ እሑድ ስምንት ሰዓት ነው። ቀሚስ ሳይሆን ሱሪ ወይም ከቀሚሱ ሥር ሱሪ ይለበስ፤ ለእጃችሁም አሮጌ ጨርቅ ያዙ።

ቶናው ደርሷል መሰለን።